ኸሚስን ከመሐላ ያወጣው ንባብ

ለተከበሩ ታላቅ እኅቴ ለእትዬ ሀፊዛ፣ ለባለቤትዎ ለሼህ ጠሃ፣ ለልጃችሁ ለዑበይዱላህ፤ በየማዕረጋችሁ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ሻል አለልዎ? የጅግጅጋ ነፋስ ተስማማዎ? እኛ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነን፤ ሰሞኑን ደግሞ ከላያችን ሸክም ወርዶልናል።

በስልክ እንዳጫወትኩዎ፣ የሐይቁ ዓሣ በድንገት አልቆ ዳር ዳሩን ሲንሳፈፍ፣ አጥማጆቹ ጣታቸውን የቀሰሩት በጎረቤታችን በኸሚስ ላይ ነበር፤ በዳርቻው ባለው ሽንኩርቱ ላይ የተባይ መድኃኒት ረጭቶ ነበርና። እኔና መምህር ጌዴዎን በምንመራው ሽምግልና ይማል ተባለ። በአገራችን መሐላ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ እውነተኛ እንኳ ቢሆን፣ የማለ ሰው በጎረቤቱ ዓይን እንደ ቀድሞው አይታይም። ኸሚስም፣ “መማሉን አልፈራም ጋሼ፤ ግን ልጆቼ የማለ ሰው ልጆች ተብለው ይቀራሉ” አለኝ።

በሐይቁ ላይ የተሠራ ጥናት መኖሩን አውቅ ነበር። ነገር ግን ከተመረቅሁ ወዲህ የተማርኩበት የደሴው ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክ መጽሔቶች መግቢያ ተዘግቶብኛል። የወንድማችን ልጅ ሙዓዝ ገና ተማሪ ነውና፣ በእሱ የይለፍ ቃል እንድገባ ለመነኝ፤ እምቢ አልኩት። ሽማግሌ በሌላ ሰው ስም ገብቶ ያየውን ለሸንጎ አያቀርብም። እርስዎ፣ “ተመራቂም የቤቱ ልጅ ነውና በፊት ለፊት በር ጠይቅ” ባይሉኝ ኖሮ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ጠየቅሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወይዘሮ ሠርክአዲስ፣ ከቤት ሆኖ መክፈት በውላቸው ለተማሪና ለመምህር ብቻ እንደተፈቀደ፣ ተመራቂ ግን በአካል መጥቶ በእነሱ ኮምፒዩተር ማንበብ እንደሚችል በትሕትና አስረዱኝ። ደሴ ሄጄ፣ በራሴ ስም ተመዝግቤ ጥናቱን አነበብኩ። በብርድ ወራት የላይኛው ውኃ ቀዝቅዞ ሲሰምጥ፣ አየር ያጣው የታችኛው ወጥቶ ዓሣውን ሊያፍን ይችላል ይላል፤ በዳርቻው ሽንኩርት መተከል ሳይጀመርም እንዲህ ያለ እልቂት ደርሶ እንደነበር ይጠቅሳል።

በሸንጎው ፊት የት፣ በማን ፈቃድ እንዳነበብኩት ጭምር ተናገርኩ። የአጥማጆቹ አለቃ የሻው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ “እንግዲያ ሐይቁ ራሱ ይማላ” አለ። ቀድሞ የሳቀው ኸሚስ ነው። መሐላው ቀረ። እሱም መርጫውን ከውኃው ርቆ ሊያጥብ ቃል ገባ፤ እኔ ዱዓ አደረግሁ፣ መምህር ጌዴዎንም መረቁ።

ስለ ምክርዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ዙሌይካና ልጃችን ዑምኩልሱም እጅ ነስተዋል። ዘንድሮ ለሚመረቀው ለዑበይዱላህ መልካም ውጤት እመኛለሁ፤ ሲመረቅም ከቤተ መጻሕፍቱ እንዳይርቅ ይንገሩልኝ። ኸሚስ ደግሞ፣ “ለእትዬ ሀፊዛ፣ ሳልምል ሰላም ብያለሁ በሉልኝ” ብሏል።

አክባሪ ወንድምዎ ኑርዬ
ሐይቅ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.