አሸዋው ሳይወርድብህ

ውድ ወንድሜ፣

ሰላምታ ብልክልህ ከየት ትመልሳለህ? ስለዚህ ወደ ጉዳዬ ልግባ። የብረት ማቅለጫውን ዝቃጭ ሐይቁ ውስጥ ስትደፋ መቆሚያው ተደርምሶ ይዞህ ከሰመጠ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ፈላጊዎቹ «ጭቃው ውጦታል» ብለው ተመለሱ። ፋብሪካውም ተዘጋ። ጭሱ ጠፋ፤ መርዙ ግን ካንተ ጋር ከታች ደለሉ ውስጥ ተኝቷል። አሁን ደለሉን የሚያጸዳ ትልቅ ጀልባ መጥቷል፤ እኔም ተቀጥሬበታለሁ።

ሥራዬን ብታይ ትስቅብኛለህ። ቱቦው ጭቃውን እየሳበ ወንፊት ላይ ይተፋዋል፤ እኔ ጎማውን፣ ጠርሙሱን፣ ድስቱን እለቅማለሁ። ሰው የማይጥለው ነገር የለም መቼም! ጫማ ሲመጣ ግን ጭቃውን ጠርጌ ማሰሪያውን አያለሁ። ያንተን አልስተውም፤ ማሰሪያ አይበረክትልህም ነበርና በቀይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነበር የምታስረው። እማዬ «ለሠርግህም በሽቦ ልትሄድ ነው?» ትልህ አልነበር? እስካሁን ቀይ ሽቦ አላየሁም።

ከሥራ ስመለስ እማዬ በር ላይ ቆማ እጄን ታያለች። ራሴን ስነቀንቅ «ይሁን» ትልና ወደ ጓዳ ትገባለች። «ልጄን አፈር ሳላለብስ ልሞት ነው» ስትል ግን ግድግዳውን አልፎ ይሰማኛል።

ዛሬ አለቃችን አንተ የሰመጥክበት ቦታ አይነካም አለ።

«ጥልቅ ነው፤ ከተነካካ መርዙ ይበተናል። ነገ አሸዋ አልብሰን እንዘጋዋለን።»

«ወንድሜ እኮ እዚያ ነው።»

«አውቃለሁ፣ እህቴ። ምን ላድርግ?» አለና አንገቱን ደፋ።

ሠራተኞቹ ለምሳ ሲወርዱ ማሽኑን አስነሳሁት። ሲያስነሱት እያየሁ ተምሬአለሁ። ቱቦውን አንተ ጋ ሰደድኩት። አብደሻል በለኝ። ትንሽ እንደሳበ ውሃው ጠቆረ፤ ጥቁረቱም ወደ ዳር መሄድ ጀመረ። ዳር ላይ ልጅህ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማ፣ እጇን ታውለበልብልኛለች። ደሟ ውስጥ መርዙ ተገኝቶ ሐኪሙ ከውሃው አርቋት ብሎን ነበር፤ ግን መች ትሰማለች፣ ያንተው ልጅ አይደለች? «ውጪ! ውጪ!» ብዬ ጮኽኩ። የምጫወት መስሏት ሳቀች። ማሽኑን አጠፋሁት።

ወንድሜ፣ ካንተ ልጅህን መረጥኩ። አንተም ብትሆን ይህንኑ ታደርግ ነበር ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ፤ አልተጽናናሁም። ነገ አሸዋ እንደምትለብስ ለእማዬ ስነግራት «ሳላየው አታልብሱት! ሞቷል ያለሽ ማነው?» ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። እናት ልጇ እግር ላይ ስትወድቅ ምን ተብላ ትነሳለች? አብሬያት መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ነገ አሸዋውን የምለቀው እኔ ነኝ። ባዕድ እንዳያለብስህ አለቃውን ለምኜ ነው። አሁን ተመልሼ ጀልባው ላይ ነኝ። ቀን ካንተ ዘንድ የሳብኳት ጥቂት ጭቃ ገና ወንፊቱ ላይ አለች። ይህን ጽፌ ስጨርስ በእጄ ላጥባት ነው። ጫማውም ይቅር፣ ለእማዬ ሽቦዋ ብቻ ትበቃታለች። የምትወጣ ከሆነ ዛሬ ውጣ፣ ወንድምዬ።

እጇን ጭቃው ውስጥ የምትከተው
እህትህ