ደሴቲቱን ለማቋረጥ አሥር ዓመት ስለ በዛብኝ

ለተከበሩ ወይዘሮ ኢሪት፣
የጡረተኞች የእግር ጉዞ ማኅበር ኃላፊ፣ አሽቀሎን

ክብርት ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ትንፋሽዎ ደህና ይሁን። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አፌ ግን አልተዘጋም። እኔ እናገራለሁ፣ ጎረቤቴ ጎበዜ ይጽፋል፤ አለስልሶ እንዳይጽፍም አስምዬዋለሁ።

እሑድ የሚነሣው ጉዞ ቆጵሮስን ከባሕር እስከ ባሕር በእግር የሚያቋርጥ ስለሆነ፣ እኔና ባለቤቴ ዘርፈሽ ተመዝግበን ነበር። እሷን ተቀብለው እኔን ስለ ሰረዙኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ምስጋናዬንም ተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ተዑዳት ዘኹት የሚሉት መታወቂያዬ ሰማንያ ሁለት ዓመት ይለኛል፤ ደንባችሁ ደግሞ ከሰማንያ በላይ አይወስድም። እውነተኛ ዕድሜዬ ሰባ ሁለት ነው። ከሱዳን መጥተን ስንመዘገብ ጠያቂው ጎረምሳ ነበርና፣ እንዳይንቀኝ ብዬ አሥር ዓመት ጨመርኩ። በእኛ አገር ዕድሜ ያስከብራል። እዚህ ከመንገድ እንደሚያስወጣ የነገረኝ አልነበረም።

ሁለተኛ፦ የልደት ወረቀት አምጣ ስላሉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጎንደር ገጠር ስወለድ ከእናቴና ከአዋላጇ ሌላ ምስክር አልነበረም፤ ሁለቱም ከመቃብር ተነሥተው ሚስራድ ከሚሉት ቢሮዎ ደጃፍ ወረፋ እንዲይዙ ልኬባቸዋለሁ።

ሦስተኛ፦ ይህችን ሳልሳደብ ልናገር። ዘርፈሽን አንዲት በጎ ፈቃደኛ ትመራታለች ብለዋል። የዘርፈሽ ዓይን እየጠፋ ነው፤ ሐኪሙ እስከ ክረምት ብሏታል። ምኞቷ ብርሃኗ ሳያልቅ አንዱን ባሕር ከኋላዋ ትታ፣ በእግሯ ሄዳ፣ ሌላውን ከፊቷ ማየት ነው። ወደ ሱዳን ስንወጣ ዓይኔ በአቧራ ታውሮ፣ ስድስት ቀን ሙሉ የዱላዬን ጫፍ ይዛ የመራችኝ እሷ ናት። አሁን ተራው የእኔ ነው። በየማለዳው ከሰፈራችን ከሺምሾን ተነሥተን በአፍሪዳር ሰፈር አድርገን እስከ ባሕሩ ዳር በዱላዬ እመራታለሁ። ትናንት ግን፣ «አንተ ከቀረህ እኔም እቀራለሁ፤ ባሕሩን አንተ ትነግረኛለህ» አለችኝ።

ክብርት ሆይ፣ እኔ ብዙ ነገር እችላለሁ፤ ባሕር መንገር ግን አልችልም። እባክዎ።

በመንግሥት ዘንድ ሰማንያ ሁለት፣ በእናቴ ዘንድ ሰባ ሁለት ዓመት የሆንኩት፣ እስከ እሑድ ድረስ ከደጃፍዎ የማልጠፋው፣ አክባሪዎ
ጀምበሩ
(አውራ ጣቴን አትሜያለሁ)

ማሳሰቢያ፦ ማክሰኞ ዕለት የሕንፃችሁ አሳንሰር ተበላሽቶ፣ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው ትንፋሽ ሲሰበስቡ፣ በአንድ እጁ ቦርሳዎን በሌላው ክንድዎን ይዞ አራተኛ ፎቅ ያደረሰዎት ሽማግሌ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ዕድሜዬን አልጠየቁኝም።