ሱባ ጫካ የቆየንባት ሰዓት

አራዳ፣ ፒያሳ
ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለሜላት፣

ሰላምታዬ ሐዋሳ፣ አክስትሽ ቤት ድረስ ይግባልኝ። እኔ አለሁ። ስቱዲዮውም እንዳለ ነው። ጎረቤቴ ተክላይ አሁንም የፓስፖርት ፎቶ ፈላጊውን ሁሉ «ሚናስ ያሳምርሃል» እያለ ይልክብኛል፤ የፓስፖርት ፎቶ ከመቼ ወዲህ አምሮ እንደሚያውቅ እንጃ።

ለእናትሽ ሙት ዓመት ያን የሱባ ጫካ ፎቶሽን አጥቤ እንድልክልሽ ጠይቀሽኛል። የመጨረሻ ሳቄ ነው ብለሻል። ሦስት ቀን ሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቼ ሳየው ሰነበትኩ። ሳልነግርሽ ብልከው ኃጢአት ይሆንብኛል፤ በስልክ እንዳልነግርሽ ደግሞ ድምፄ ይከዳኛል።

ያን ቀን ንጋት አሥራ አንድ ተኩል ላይ፣ አንቺ ድንኳን ውስጥ ተኝተሽ ሳለ፣ ከእናትሽ ጋር አንድ ግድግዳ የምትጋራው ረሂማ ደወለችልኝ። «እትዬ አዳነችን ትንሽ አሟቸዋል፤ ሜላትን ይዘሃት ና» አለችኝ። በዚያ ሰዓት ተደውሎ «ትንሽ አሟቸዋል» ከተባለ ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ሰው ቤቱ ሳይገባ መርዶ አይነገርም። እኔ ራሴ አባቴ የሞተ ዕለት ጉንፋን ይዞታል ተብዬ ነው ከደብረ ብርሃን የመጣሁት። ስለዚህ አልጠየቅኳትም። አርፈዋል ብዬ ቁርጤን አወቅኩ።

ከዚያ የማይታሰብ ነገር አሰብኩ። ለሞተ ሰው ምን ያስቸኩላል አልኩ። መርዶ ያልሰማ ፊትሽን ከዚህ በኋላ አላገኘውም፤ አንድ ጊዜ ላንሳው አልኩ። ስትነሺ ስለ ስልኩ ትንፍሽ አላልኩም። የፀሐይዋ ብርሃን በጥዶቹ መሀል እስኪገባ አስጠበቅኩሽ። ብርድ ልብሱን ተከናንበሽ፣ ሻዩን እያፈላሽ፣ «ሰው ብርድ ፍለጋ ከፒያሳ ድረስ ይመጣል?» እያልሽ ስትስቂ አነሳሁሽ። ብርሃኑ እያማረ ሲሄድ ሌላም ሌላም አነሳሁ። ስንነሣ አንድ ሰዓት ሆኗል። በኋላ ስትጠይቂኝ ረሂማ የደወለችው ያኔ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው።

ዶሮ ማነቂያ፣ እናትሽ ቤት ስንደርስ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነበር፤ ለቅሶው ጀምሯል። አንቺን ሴቶቹ ደግፈው ሲያስገቡሽ ረሂማ እኔን ወደ ጥግ ሳበችኝ።

«ምነው ቆያችሁ? ሁለት ሰዓት ላይ እኮ ነው ያረፉት። ልጄ መጣች ወይ እያሉ በሩን ሲያዩ ነበር» አለችኝ።

መንገድ ተዘግቶብን ነው አልኳት። ወዲያው ብንነሣ ኖሮ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ እንደርስ ነበር።

ሚናስ ለምን ፊቴን አያየኝም እያልሽ ያለቀስሽው፣ በመጨረሻም ጥለሽኝ የሄድሽው፣ በዚህ ነው። ሌላ ሴት የለችም፤ ኖራም አታውቅም። እኔ ግን ዛሬም አሥራ አንድ ተኩል ሲል እነቃለሁ፤ ስልኩ ሳይጮህ አነሳዋለሁ። አንዳንዴ የእናትሽ ኮቴ ደረጃው ላይ ይሰማኛል፣ በሩ ጋ ደርሶ ይቆማል። ልጄ መጣች ወይ ይሉኛል።

እኔ የነሣሁሽን እግዚአብሔር በሌላ ይካስሽ። አክስትሽን ሰላም በይልኝ። ባትመልሺልኝም አልቀየምም፤ ቅያሜው ያንቺ ነው።

ፎቶውን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ግድግዳ ላይ ከመስቀልሽ በፊት ይህን እወቂ፤ እዚያ ላይ ስትስቂ እናትሽ በሕይወት ነበሩ፣ ይጠሩሽ ነበር።

ሚናስ