ዓሣ ነባሪን በከበሮ ለተቀበለው ኮሚቴያችን

ለተከበሩ አቶ ወንድይራድ፣
የፌርፋክስ ሰፈር የልጆች ሽርሽርና ትምህርት ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣

ጋሼ፣ ጉልበትዎ እንዲጸና፣ የደም ግፊትዎም ይህን ደብዳቤ ከማንበብዎ በፊት በነበረበት እንዲቆይ ከልቤ እመኛለሁ። ኮሌጅ ገብቼ በሁለተኛው ሴሚስተር የወጣሁት፣ በሰፈራችን የሐበሻ ሬስቶራንቶች በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ የማደርገው ዮፍታሔ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ አሥራ ሁለት ልጆች ይዘን ዓሣ ነባሪ ልናይ ባሕር በወጣን ጊዜ ላሳዩን አመራር በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው።

አንደኛ፣ ሀምፕባክ የሚሏት ጀርባ ጎባጣዋ ዓሣ ነባሪ ከነግልገሏ ብቅ ስትል ካፒቴኑ በሕጉ መሠረት መቶ ያርድ ርቆ ሞተሩን ቢያጠፋ፣ እርስዎ ትንሽ ጠጋ እንዲል በእናቱ ስም በአማርኛ ስለለመኑት እናመሰግናለን። ሰውየው ቋንቋውን ባይሰማም እስኪሰለቸው ድረስ ስለተለመነ ተጠግቷል።

ሁለተኛ፣ እንግዳ በዝምታ አይቀበሉትም ብለው ከበሮ አስመቱ፣ አብረውን የነበሩትን እትዬ ፀሐይወርቅን እልል አሰኙ፣ ለዓሣ ነባሪዋም ጉርሻ ብለው ድፎ ዳቦ ወረወሩላት። ሰው ቤት ገብቶ ባለቤቲቱን እንኳን ደህና መጣሽ ማለት ከእርስዎ በቀር ማን ያውቅበታል?

ሦስተኛ፣ ግልገሉ ደንግጦ ሲዞርበት እናቲቱ በእሱና በጀልባው መካከል ገብታ ይዛው ጠለቀች፤ ልጆቹም አለቀሱ። ያኔ ስለ እንስሳት ጥበቃ አርባ ደቂቃ ንግግር አደረጉልን። የሚጠበቁት እንስሳት ሸሽተው ስለነበር አላቋረጡዎትም።

ኦኬ፣ አሁን አራተኛው። ከበሮውን ነጥቄ ስለተቀመጥኩበት ኮሚቴው በድፍረት ከሰሰኝ። ይሁን፣ ደፋር ነኝ፣ ይቅጡኝ። ግን የባሕር ትምህርት የምትማረው ጓደኛዬ ሰርክና እኔ እሑድ እሑድ የምናስተምረውን ክፍል ልጅ ታላቁን እንዲያርም ያደርጋል ብላችሁ ዘጋችሁት። እዚያ ልጆቹን ሌላ ነገር አላስተማርናቸውም፤ ርቆ ማየትን፣ ዝም ማለትን፣ ለባሕር ፍጥረት ምግብ አለመወርወርን ነው። በዚያች ጀልባ ላይ ይህን የሚያውቁት ካፒቴኑና እነሱ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ የፊታችን ቅዳሜ ስትሰበሰቡ ክፍሉ እንዲከፈት ጫማዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ።

የመኪናዎን ቁልፍ ዘወትር በአደራ የሚሰጡኝ፣ አሥራ ሁለት ልጆች ግን የነፈጉኝ፣
ታዛዥና ደፋር አገልጋይዎ፣
ዮፍታሔ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ምናልባት ቅዳሜ እንቢ ካላችሁ ብለን ሰርክ በእናቷ ጋራዥ ውስጥ ልታስተምር ምዝገባ ጀምራለች። ቀድማ የተመዘገበችው የልጅ ልጅዎ ፍናን ናት። ፎርሙን ግን የአሳዳጊ ፊርማ ሳይኖርበት መለሰችልን፤ ለምን ብንላት፣ አባባ መጀመሪያ ይማርና ከዚያ ይፈርማል አለች። ሶ፣ ከፊት ረድፍ አንድ ወንበር ይዘንልዎታል።