መኪናህን ያፈነው የአባባ ጋቢ አይደለም

ይድረስ ለወንድሜ ለሙዓዝ ጁማ፤ ባለህበት ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድም ዓለም፣ እንዴት ከርመሃል? ሙቀቱስ እንዴት ይዟችኋል? ያ ወገብህ ተሻለው ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ያስጮህሃል? ባለቤትህ ራጂያስ ደህና ናት? ትንሿ ሙስሊማስ ጥርስ አበቀለች? እማዬ ፎቶዋን እየሳመች የስልኩን መስታወት ቅቤ በቅቤ አድርጋዋለች። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ከማማረር በቀር ምንም አልሆነችም። አባባም የሐጅ ተራቸው ደርሶ ስማቸው ከተጠራ ወዲህ ወጣት ሆነዋል፤ ደረጃውን ያለ ምርኩዝ ነው የሚወርዱት። ዝናቡም ጀምሯል። ደህና ያልሆንሁ እኔ ነኝ። እሱም በሽታ አይደለም፣ እፍረት ነው።

በስልክ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። እኛ ቤት ስልክ ሲደወል እማዬ ድምፁን ለሰፈሩ ሁሉ እንደምትከፍተው ታውቃለህ። እኔ ደግሞ ይህን ነገር በአፌ ልናገር ብነሳ ግማሽ ላይ ስደርስ አጣምመዋለሁ፤ ራሴን አላጣትም። ነገ ጎህ ሲቀድ አባባን በመኪናህ ይዤ ወደ አዲስ አበባ እነሳለሁ፤ ከዚያ በአውሮፕላን ወዳንተ ይመጣሉ። ስትቀበላቸው ይህን ወረቀት ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ይሰጡሃል።

ባለፈው ዓርብ ከቡሬ ደውለው «ልጄ፣ መኪናህን በጋቢዬ አፍኜ አበላሸሁብህ፤ አፉ በለኝ» ሲሉህ አንተ ስቀህ «መኪናው ገደል ይግባ፣ እርስዎ ብቻ ይኑሩልኝ» አልሃቸው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ እሰማ ነበር። ሙዓዝ፣ መኪናህን ያፈነው የአባባ ጋቢ አይደለም። ያፈንኋት እኔ ነኝ፤ በበርበሬ።

ከአዲስ አበባ አምጥተህ ቁልፏን ያስረከብኸኝ ዕለት ያልኸኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። አሮጊት ናት አልኸኝ። ታክሲ ሆና ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች፤ ግን ከያዝሻት ትይዝሻለች። በባትሪም በቤንዚንም የምትሄድ ናት፣ ትልቁ ባትሪ ከኋላው ወንበር ጀርባ ነው ያለው፣ ከወንበሩ ጎን ያለችው ወንፊት የመሰለች ቀዳዳ ደግሞ መተንፈሻው ናት፤ ሰው ጫኚባት እንጂ ዕቃ አትጫኚባት አልኸኝ። እኔም እሺ አልሁ። ለአፍ ዳገት የለውም።

እውነትም መጀመሪያ እንደ ሙሽራ ነበር የያዝኋት። ባለፈው ኅዳር የምንነግደው በርበሬ ሲደርስ ግን ባጃጆቹ አንገላቱኝ። ዛሬ እንመጣለን ብለው ነገ ይመጣሉ፣ እኔ ማንኩሳ ገበያ ላይ ጆንያዬን ታቅፌ ፀሐይ ይጠብሰኛል። አንድ ቀን የኋላውን ወንበር አጥፌ ሁለት ጆንያ ወረወርሁባት። ድምፅ የላት፣ ጭስ የላት፤ ገበያው መሃል ገብታ ስትወጣ ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመኝ! ክረምቱ መጣሁ እስኪል ድረስ ያመላለስሁት በእሷ ነው። አባባ በምን አመጣሽው ሲሉኝ በባጃጅ እላለሁ። ዱቄቱ ሲበን ወለሉን ጠርጌ፣ ወንበሩን መልሼ፣ ንጹሕ አልጋ ልብስ አለብሰውና እሳቸውን አስቀምጥበታለሁ። በርበሬ በርበሬ ይሸታል ያለኝም የለም፤ እኛ ቤት በርበሬ የማይሸት ነገር ምን አለና። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነው።

የሐጁ ቀን ሲቆረጥ ሰዉ ሁሉ በአውቶቡስ ይሂዱ አላቸው። እሳቸው ግን ልጄ መኪና ትቶልኝ ሄዶ በአውቶቡስ የምሄድ ምን ሆኜ ነው ብለው ተቆጡ። እንግዲያው አሮጊቷን ለመንገድ ማሰናዳት የእኔ ሥራ ሆነ። ዘይቷን ቀየርሁ። የፍሬን ሸራዋን አስቀየርሁ። የፊት ጎማዎቿን አዲስ አደረግሁ፣ ትርፍ ጎማዋን አስነፋሁ፣ ክሪኩን ከዝገቱ አላቀቅሁት። የሞተሯንም የኤሌክትሪኳንም ማቀዝቀዣ ውሃ አስሞላሁ፤ አባይ በረሃን መውጣት ቀልድ አይደለም። ያችን ቀዳዳ ብቻ አልነካኋትም። የሚከፍታት ሰው ውስጧን ያያላ!

ዓርብ ዕለት እንሞክራት ብዬ አባባን ከኋላ አስቀምጬ ወደ ቡሬ ነዳሁ። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ከጎናቸው አድርገዋል። ማንኩሳን አለፍ እንዳልን ቀይ መብራት ቦግ አለ፤ ከኋላ ባትሪውን የምታቀዘቅዘው ማራገቢያ እንደ ተርብ ጮኸች፤ መኪናዋም ጉልበቷን ጣለች። ጋሪ እየቀደመን፣ አባባ ከቁርኣን ያሲንን እየቀሩ፣ እየተጎተትን ቡሬ ያረጋል የሚባል መካኒክ ጋ ደረስን። ያረጋል አዲስ አበባ ጋራዥ ሠርቶ የመጣ፣ ምላሱ ከመፍቻው የሚፈጥን ሰው ነው። የኋላውን በር ከፈተና ገና ምኑንም ሳያይ የአባባን ጋቢ ከቀዳዳዋ ላይ ብድግ አድርጎ፣ ይኸውላችሁ ገዳዩ፤ ባትሪ እንደ ሰው ይተነፍሳል፣ እናንተ አፍንጫውን በጋቢ ይዛችሁታል አለ።

አባባ ክው አሉ። ጋቢያቸውን ተቀብለው፣ አንዴ እሱን አንዴ መኪናዋን አይተው፣ ጁምዓ ሊሰግዱ ወጡ። በሩ ድረስ ቀስ ብለው ነው የሄዱት። አባባ፣ እርስዎ አይደሉም ለማለት ጊዜ ነበረኝ። አላልሁም።

እሳቸው መስጊድ ሳሉ ያረጋል ሽፋኑን ፈትቶ ማራገቢያዋን አወጣት። ቀይ ናት። በርበሬው እርጥበት ነክቶት ተጋግሮ ክንፎቿን ለብጧቸዋል። በጣቱ ጫር አድርጎ ቀመሰና፣ እህቴ ይህ መኪና ነው ወይስ የድልህ ማሰሮ አለኝ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ለአባቴ እንዳትነግርብኝ ብዬ ለመንሁት። እኔ የማበጀው መኪና ነው፣ የቤተሰብ ነገር በእኔ መፍቻ አይፈታም ብሎ ወደ ሥራው ዞረ።

ከዚያ በአየር መንፊያው ቢነፋው ጉድ ፈላ! ግቢው በቀይ ጉም ተሸፈነ። ጎማ የሚለጥፈው ሰውዬ ጎማውን ጥሎ ሮጠ፤ ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ መርፌውን እንደያዘ ወጣ፤ በመንገድ የሚያልፉ አንዲት እናት ምን ዓይነት መርዝ ነው የምትረጩት እያሉ ረገሙን። ያረጋል ራሱ ግድግዳ ተደግፎ ያስላል። ጉሙ ረጋ ሲል ሁላችንም በመኪናዋ ዙሪያ ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እንባችንን እንጠርጋለን። አባባ የደረሱት ይሄኔ ነው። አፍንጫቸው ዕድሜ ልካቸውን በርበሬ መሃል ኖሮ ማሽተት ከተወ ቆይቷል። እኔ ዓይኔ ደም መስሎ፣ አፍንጫዬን በነጠላዬ እየጠረግሁ ሲያዩኝ መኪናዋ ሞታ የምናለቅስ መሰላቸው።

ሙዓዝ፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ልጄ ፈሂማ አሉኝ፤ የወንድምሽን ድካም በጋቢዬ አፍኜ ገደልሁት፤ ወደ አላህ ቤት የምሄድ ሰው ነኝና አፉ በይኝ። ያ ሁሉ ሰው ይሰማል። ያረጋል ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ። አፉ ብያለሁ አባባ አልሁ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ያረጋል ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ወዲያው ለአንተ ደወሉልህ።

መኪናዋ ተነፍታ፣ ተገጥማ፣ እንደ ጥንቷ ሆነች። እኔ ነኝ የባስሁት። አባባ ጋቢያቸውን፣ ያችን እማዬ ፈትላ ያሠራችላቸውን፣ እዚያው ቡሬ መስጊድ በር ላይ ለተቀመጠ ሰው ሰጡ። በማግስቱ ደንበጫ ድረስ ልሞክራት ወስጃቸው ነበር፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጀርባቸውን ሳያስደግፉ፣ እንደ እንግዳ ተቀምጠው ሄደው እንደዚያው ተመለሱ። ብርድ ሲያንዘፈዝፋቸው በመስታወቱ አያለሁ። ፎጣ ልስጥዎ ብላቸው፣ ተይ ልጄ፣ ደግሞ አንዱን ነገር እንዳልሸፍን አሉ።

ከዚያም ሐጅ የሚሄድ ሰው እንደሚያደርገው ሰፈሩን እየዞሩ ሰዉን ሁሉ አፉ አስባሉ። ፍየላችን ጌሾዋን የበላችባት ጎረቤታችን እትዬ ሀብትነሽ፣ ጌሾውን ለእግዜር ብዬ ትቼዋለሁ፣ ፍየሏን ግን እኔ ሳላያት እረዷት ብላ አሳቀቻቸው። በየቤቱ ግን የመጨረሻው ወሬያቸው አንድ ነው፤ የልጄን መኪና ያፈንሁት እኔ ነኝ፣ ፈሂማ ግን አፉ ብላኛለች፣ ልጄ ልበ ሰፊ ናት። ሰዉም እኔን ይመርቀኛል። ምርቃቱ እንዴት እንደሚያቃጥል ለጠላቴም አይድረሰው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እባክህ ጅዳ ሲደርሱ አረጋግተህ አስቀምጠህ አንተ ንገራቸው። ልቧ ፈርቶ ነው በላቸው። አንተን ይሰሙሃል።

ይህን ጽፌ ወረቀቱን ላጥፍ ስል መልሼ አነበብሁት። የእኔን ጥፋት መጀመሪያ ለአባባ አሸከምሁ፣ አሁን ደግሞ ላንተ ላሸክም ነው። እሳቸው በሽማግሌ ጉልበታቸው በር ለበር የዞሩት ሰው ልከው አይደለም። ብዕሬን ጥዬ ወጣሁ።

አባባ ግቢ ውስጥ የመኪናዋን መስታወት በጨርቅ ይወለውላሉ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ማንኩሳውን፣ ባጃጅ ያልሁትን፣ ቀዩን ማራገቢያ፣ እንባችን የምን እንባ እንደነበር። ጨርቁን እንደያዙ ሰሙኝ። መጀመሪያ ያሉት ምን ይመስልሃል፤ ታዲያ ጋቢዬ! አሉ። እኔ ሳቄም ለቅሶዬም ባንድ ላይ መጣ። ተቆጡም። መዋሸትሽ ሳያንስ ከነጭራሹ ሰፈሩ ሁሉ በውሸት ሲመርቅሽ ዝም አልሽ አሉኝ። ራሴን ደፋሁ። ቆይተው፣ እኔ አፉ ብየሻለሁ አሉ፤ አንቺ የሰጠሽኝን አፉ ግን አልመልስልሽም።

አባባ፣ ላላጠፉት ጥፋት ምን ያደርግልዎታል አልኋቸው።

ሌላ ያጠፋሁት አለ አሉ። ሙዓዝ በትምህርቱ ይግፋ ብዬ አንቺን ከስምንተኛ ክፍል አስወጥቼ ጆንያ ሥር ያስቀመጥሁሽ እኔ ነኝ። አስተማሪሽ ቤቴ ድረስ እየመጣ ለምኖኝ ነበር፤ አንቺ ይህን አታውቂም። ሰፈሩን ስዞር ያንቺ ነገር እያነቀኝ ነው የዞርሁት። ቡሬ ላይ የመኪናው ሰበብ ሲገኝልኝ በዚያ አስታክኬ ሁለቱንም ባንድ አፍ ጠየቅሁሽ። አፉ ስትይኝ እፎይ አልሁ።

ሙዓዝ፣ ያልሠሩትን ጥፋት ሰው ሁሉ እያየኝ ቀልጠፍ ብዬ አፉ አልሁ። የሠሩትን ሲነግሩኝ ግን አፉ ማለት አልቻልሁም። አስተማሪዬ መምጣቱን ዛሬ ነው የሰማሁት። የሚከፋኝ አልመሰለኝም ነበር፤ ከፋኝ። አባባ ፊቴን አይተው፣ አትቸኩይ፣ ነገ መንገዱ ረጅም ነው ብለው ወደ መስታወታቸው ዞሩ። ወደ ሐጅ የሚሄድ አባቷን አቁማ የምታስጠብቅ ልጅ ሆንሁ፤ ከበርበሬውም ይልቅ በዚህ አፈርሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ላንተ። ባጃጅ ስላስቸገረኝ ብቻ አይደለም የጫንሁባት። አንተ ተምረህ ያገኘሃትን ንጹሕ መኪና የእኔ ጆንያ ሲያቆሽሻት ውስጤ ደስ ይለው ነበር። አንተ ምን አደረግህ፤ ልጅ ነበርህ። ለዚህ አፉ በለኝ፤ ስቀህ ሳይሆን አስበህበት በለኝ።

ራጂያን ሰላም በልልኝ፤ የላከችው ሽቶ ደርሶኛል፣ ጠርሙሱን አልከፈትሁትም በላት። ሙስሊማን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬ ሰላም ብላሃለች፤ ድልህ በማሰሮ አሽጋ ልካለች፣ ከሻንጣው ሲወጣ ቀና አድርጋችሁ ያዙት። እትዬ ሀብትነሽም ያንን ልጅ ሳሙልኝ ብላለች። ለአገራችን ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አባይን ሳንሻገር አፉ ልላቸው ነው ሐሳቤ። ብያቸው ይሁን ሳልላቸው ግን እኔን አትጠይቀኝ። ይህን ወረቀት ከእጃቸው ስትቀበል ፊታቸውን እየው፤ ታውቀዋለህ።

እህትህ ፈሂማ ጁማ
ፍኖተ ሰላም
ግንቦት 28 ቀን 2015 ዓ.ም.