በመሬታችን መሃል የበቀለው ቀይ ቅጠል

ውድ ወንድሜ አልስተን፣

መሬታችንን ሸጥኩት። ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው የምጽፍልህ፤ ምንም እንኳ አንተ ከእኔ በፊት ሳታውቀው ባትቀርም።

ባሕሩን የሚያየውን ቁልቁለት ማለቴ ነው። አንተ በወጣትነትህ ሥራ ፍለጋ በሸራ ጀልባ ወደ አሩባ ደሴት ሄደህ ከቀረህ ወዲህ ማንም አላረሰውም። እናታችን አተር እንኳ እንዳይዘራበት ከለከለች። ከመሞቷ በፊት በእኔ ስም ብቻ ስታዞረው ተጣላኋት። «አልስተን ሲመለስ ምን ልንለው ነው?» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እኔም ስጠብቅልህ ኖርኩ። ሊገዛ የመጣውን ሁሉ «ባለቤቱ መርከብ ላይ ነው» እያልኩ መለስኩ። አሁን ግን ጉልበቴ ቁልቁለቱን እምቢ አለ። እሾሁ መሬቱን ዋጠው፣ የጎረቤት አጥርም በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ወደ እኛ ይገባል። መሸጥ ማለት አንተን መጠበቅ መተው እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ሽያጩን ለሌላ ሰው ልተወው አልፈለግኩም።

ከተማችን ሂልስቦሮ ያለው ደላላ፣ ሚስተር ፔንደል፣ ሳቀብኝ።

«ያለ ደላላ መሬት ልትሸጪ? አንቺ እኮ ዓሣ እንኳ ተከራክረሽ አትገዢም።»

«መሬቱን ረግጠኸው ታውቃለህ?» አልኩት።

«ፎቶውን አይቻለሁ።»

«እንግዲያው ፎቶውን ሽጥ» ብዬ ወጣሁ።

ከተሰበረ ጀልባ ጣውላ አንስቼ በቀለም ጻፍኩበትና ቁልቁለቱ ላይ አቆምኩት፦ «መሬት ይሸጣል። ባለቤቷን ኢኔስታን ጠይቁ።» አንተ ስትሄድ ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም ነበር። ዳቦ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣና ከወተት ቆርቆሮ ላይ ነው ፊደል የለቀምኩት።

መጀመሪያ የመጡት ከዋናው ደሴት ከግሬናዳ የተሻገሩ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። ደጄ ላይ ሲደርሱ መሬቱን አይተው ጨርሰው ነበር።

«ታንቲ፣ ልጅዎ ሁሉንም አሳየን» አለችኝ ሚስትየዋ፣ እንደ አክስቷ ቆጥራ።

«ልጅ የለኝም።»

«እንግዲያው ሠራተኛዎ ነው። ባዶ እግሩን ነበር፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል።»

«ጨዋ ልጅ ነው» አለ ባልየው። «ውሃ ስንሰጠው ‹ጠጥቼ ጠግቤያለሁ› ብሎ መለሰልን።»

ዝናብ ከገና ወዲህ አልጣለም ነበር። እነሱን ሸኝቼ ወረድኩ። ሰው የለም፤ ሣሩም የእነሱን ዱካ እንጂ የሌላ ሰው አልያዘም። ልቤ አንድ ስም ሹክ አለኝ። «አልስተን ቢመጣ እንደ እኔ ሸብቶ ነው የሚመጣው» ብዬ ዝም አሰኘሁት።

ቀጥላ ግሌኖራ መጣች። ከላይኛው መንደር ተወልዳ እንግሊዝ አገር ኖራ የተመለሰች፣ አንተን የማታውቅ ሴት ናት። ወሰን በእግር እንጂ በአፍ አይለካምና በቀትር ይዣት ወረድኩ። በየጥጉ ለወሰን የተተከለውን ቀይ ቅጠል እየነካን ዞርን። አንዱን ነካን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አራተኛው ከእሾሁ መሃል ብቅ ብሎ አገኘሁትና «መሬቱ እዚህ ያልቃል» አልኩ።

እጇን አልዘረጋችም።

«እዚህ አያልቅም፣ ኢኔስታ።»

«ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ?»

«እኔ ምን አውቄ። ትናንት ብቻዬን ብቅ ብዬ ነበር፤ አንድ ወጣት እዚሁ ቆሞ አገኘሁ። ‹እህቴ እስከዚህ ብቻ ነው የምታሳይሽ፤ ተሳስታ ነው› አለኝ። ‹ወሰኑ ታች ከገደሉ አፋፍ ነው። ይሄኛው የወሰን አይደለም፣ የእኔ ነው።› የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩበት።»

ክንዷን ያዝኩ። «ሌላስ ምን አለ?»

«ሰሌዳሽን አየና ‹ኢኔስታ መጻፍ ተማረች› አለ። ደስ ብሎታል።»

እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ቀይ ቅጠል የምንተክለው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ በመሬት ጥግና በመቃብር ራስጌ። ይህን በደሴታችን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ግሌኖራ ወደ አፋፉ ወርዳ ግንዱ የወፈረ አሮጌ ቀይ ቅጠል እንዳለ ጮክ ብላ ነገረችኝ። እውነተኛው አራተኛ ጥግ እሱ ነበር።

አጠገቤ ያለውን እናታችን ናት የተከለችልህ። ከሥሩ ምንም የለም፤ ባሕሩ አልመለሰህምና የምትቀብረው አልነበራትም። መሞትህን ከማን እንደሰማች አላውቅም። ምናልባት ራስህ ነግረሃት ይሆናል። ከእኔ የደበቀችው ግን ስለሚከብደኝ እንደሆነ አሁን ገብቶኛል።

«ከፈራሽ አትግዢ» አልኳት ግሌኖራን።

«እንግሊዝ አገር ጎረቤቴ አንድ ቀን ሰላም ብሎኝ አያውቅም» አለች። «ይሄኛው ቢያንስ ያናግራል።»

ቤቷን ከላይ ልትሠራ፣ ቅጠልህንም ላትነካ ቃል ገባችልኝ። ጠበቃው ዘንድ ፈረምን።

ትናንት ቤቴ መጣች። ወንበር ብሰጣት አልተቀመጠችም።

«ሄደ?» አልኳት።

«አልሄደም። መሬቱ የእኔ መሆኑን ነገርኩት፤ አመሰገነኝ። ‹እንግዲህ ወደ ኢኔስታ ልሂድ› አለ። ግን ቤትሽን አያውቀውም። የድሮ ቤታችሁ የነበረበት ቦታ ሄዶ ሲዞር ነበር አሉ፤ ድንጋዩን ብቻ አገኘ። ‹የት ነው ያለችው?› ብሎ ጠየቀኝ። አንቺን ሳላስፈቅድ አልናገርም አልኩት።»

የድሮውን ቤት አውሎ ነፋስ ወሰደው፣ አልስተን። ስትመጣ ያጣኸን ለዚህ ነው። ይህን ደብዳቤ ግሌኖራ ቅጠልህ ሥር ታኖርልሃለች።

ከአፋፉ ወደ ላይ ውጣ። ጀልባ የሚሠሩበትን ዳርቻ በግራህ ተወው። ቤተ ክርስቲያኑን ስታልፍ ሰማያዊ በር ያለው ትንሽ ቤት አለ፤ ውሻ የለኝም። በሩን አልቆልፈውም። ከመግባትህ በፊት ግን ከደጅ ቆመህ ስሜን ጥራ። ድምፅህን ረስቼዋለሁ፤ አንተ መሆንህን ሰምቼ ልለይ።

እህትህ
ኢኔስታ