የበሬው ደም ኪሴ ውስጥ

ሰኞ
ዛሬ በሬ ሆኜ ዋልኩ። ማንም አላወቀም። የማገለግላቸው ሐኪም ይርዳው የሞተውን በሬ ደም መስታወት ላይ ቀብተው «አድርቀህ አምጣው» አሉኝ። እኔ ደግሞ ካልቀለድኩ ጤና የለኝ! መስታወቱን በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩና ሌላ መስታወት ላይ የገዛ ደሜን ቀባሁ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በማጉያው ብዙ አዩ። «ይህ በሬ ጤነኛ ነበር። ታዲያ ምን ገደለው?» አሉ። ጓሮ ሮጬ ጋቢዬን ነክሼ ሳቅሁ።
ባሕር ማዶ የተማሩ ሰው! ያን ማጉያ በጭድ ጠቅልለው፣ በበቅሎ አስጭነው ደብረ ማርቆስ ያደረሱ! ከቅኔ ቤት የፈረጠጥኩት እኔ አታለልኳቸው። ነገ እነግራቸዋለሁ።

ማክሰኞ
አልነገርኳቸውም። ጠዋት የጣሊያኑ ሻለቃ «በሽታ ካልሆነ መርዝ ነው» ብሎ የጦሩን ከብት የሚጠብቁትን ሦስቱንም አሰራቸው። በሦስት ቀን አራት በሬ ሞቶበታል። ቅዳሜ፣ ገበያው ሲሞላ ይረሸናሉ ተባለ። አንዱ አጎቴ ውቤ ነው።
ስንቅ አደረስኩለት። «ምነው ዛሬ ያልቀለድከው? ሞቻለሁ እንዴ?» አለኝ።
መስታወቱን ለመፈለግ እጄን ኪሴ ስከት ለሁለት ተሰብሮ ኖሮ አውራ ጣቴን ቆረጠኝ።
የምፈራው፦ ሻለቃውን። ሐኪሙን። የአጎቴን ሚስት ዓይን። ከሁሉም የራሴን አፍ።

ረቡዕ
እንደ አገሩ ወግ ይቅርታ ልለምን ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ ሐኪሙ ፊት ተንበረከክሁና ደሙን መቀየሬን ተናዘዝሁ። «ደግሞ ይህ ምን ቀልድ ነው? ድንጋዩን ከጠረጴዛዬ አርቅ፣ ዕቃ ትሰብራለህ» አሉኝ። ማልቀሴን ሲያዩ ነው ያመኑኝ። አልመቱኝም። ቢመቱኝ ይሻል ነበር።
«ደሙስ የት አለ?»
ስባሪውን ሰጠኋቸው። በሰማያዊ ቀለም ነክረው አዩት፤ ከዚያ እኔን «እይ» አሉኝ። ጭራሮ! ጫፍ ለጫፍ የተገጣጠመ ደቃቅ ጭራሮ።
«አባ ሰንጋ» አሉ። «ቆዳውን የሚገፈውንም አይምርም።»
ሻለቃውን አስጠርተው «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አሉት። ስሜን አልጠሩም። አጎንብሶ በማጉያው አየ፣ ቀና አለ፣ በጥፊ መታቸው። መነጽራቸውን ከመሬት ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ሐሙስ
አጎቴን ፈቱት! ሦስቱም ወጡ። በሬዎቹ ከነቆዳቸው በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበሩ ተባለ። አጎቴ ከሞት ማምለጡን ረስቶ «ያን ሁሉ ጠፍር አፈር ይብላው?» እያለ ያማርራል።
አውራ ጣቴ ላይ ትንኝ የነከሰችኝ የመሰለ ነገር ወጥቷል። ያሳክካል እንጂ አያምም።

ቅዳሜ
በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ቁስሉ መሐሉ እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ ክንዴ አብጧል። ደብቄ ነበር። ብልቃጥ ሳጥብ ሐኪሙ አዩኝ።
አልተቆጡም። ይህ ነው ያስፈራኝ። በእብጠቱ ዙሪያ በቀለም መስመር አሰመሩ። «ከዚህ መስመር ካለፈ ያኔ እንጃ» አሉ። መርፌ ወጉኝ። ከዚያ ደሜን መስታወት ላይ ቀቡ።
«ይህ የማን ደም ነው?»
«የኔ።»
«እርግጠኛ ነህ?»
ሁለታችንም አልሳቅንም።
ዛሬ ገበያው ሞልቷል። ማንም አልተረሸነም። ይህንን ደጋግሜ ለራሴ እላለሁ።

እሑድ
ከቅዳሴ መልስ አጎቴ መጣ። ክንዴን ገልጦ አየና «መስመሩን አንተው እንዳታሰፋው!» አለኝ። የት አባቴ! ሐኪሙ ቀለሙን ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። ያውቁኛላ።
እብጠቱ ከመስመሩ አላለፈም። ትንሽ የሸሸም ይመስለኛል። ወይ ፍርሃቴ ነው እንዲህ የሚያሳየኝ።
ሐኪሙ የትናንቱን መስታወት ማጉያው ሥር አድርገው ብዙ ቆዩ።
«ምን አዩ ጌታዬ?»
«ጤነኛ በሬ» አሉ።
ከዚያ ለነገው መርፌውን ሊቀቅሉ እሳት አነደዱ።